ውሃ በእርከን

ባለፈው ቅዳሜ የውሃ ታሪፍ ሊሻሻል ስለሆነ ተወያዩበት ተብለን አሰላ አዳራሽ ተጠራን። መድረኩ ላይ አንዲት ለጋ ልጅ ማይክ ይዛ ስታስረዳ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «አፏ እንዴት ይጣፍጣል!» አሉ። እኔ ልሙት፣ በዚህ ዕድሜዬ ቅናት ጎኔን ወጋኝ።

ወጣት ሳለሁ ከአሰላ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ቆጣሪ ሳነብ ያልረገጥኩት ግቢ፣ ያልጮኸብኝ ውሻ የለም። ኦሮምኛውም አማርኛውም አብሬ ያደግሁበት ነው። አዲስ ታሪፍ ሲጠና፣ ቦርዱ ከማጽደቁ በፊት ነዋሪው ይወያይበት ነበርና፣ የማስረዳው እኔ እንደምሆን አልተጠራጠርኩም።

ምን ዋጋ አለው፣ መሠረት መጣች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች፣ በመሥሪያ ቤቱ ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ። ሳቋ፣ ቁመናዋ፣ የእጅ ጽሑፏ ሳይቀር ያናድደኝ ነበር። እናቴ በቅቤ ያሸችውን የገብስ ጭኮ ቢሮ ስከፍት፣ ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ተሾመ «ቅድሚያ ለእንግዳችን!» ይላሉ። ጭኮው የእኔ፣ ምስጋናው የእሷ! መድረኩንም ለእሷ ሰጧት። አንጀቴ አረረ።

በስብሰባው ዋዜማ ከሰዓት፣ የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ፣ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ጃንጥላዬ ሥር ተጠግታ ንግግሯን አሰማችኝ። «ከእንግዲህ ውሃ በእርከን ይሆናል። ትንሽ የሚቀዳ በዝቅተኛው እርከን፣ ብዙ የሚቀዳ በከፍተኛው ይከፍላል። የቦኖ ውሃ ዋጋም ይቀንሳል።» ከዚያ «እንዴት ነው? ይገባቸዋል?» አለችኝ።

በእኛ አገር እርከን ማለት ተዳፋት ላይ በዘመቻ የሚቆፈረው ነው። ስንቱ ወገቡ የተቆረጠበት! «ደረጃ በይው» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል።

«ምን ጥያቄ አለው፣ ቁልጭ ያለ ነው!» አልኳት።

በማግስቱ እርከን ስትል አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ኩን ማሊ? ምንድን ነው ነገሩ? ውሃ ለመጠጣትም እርከን ልንቆፍር ነው?»

«አባባ፣ እርከን ማለት እኮ...» ብትል ማን ይስማት! ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ አይ ሰው መሆን፣ ደስ አለኝ።

ቦርዱ «ሕዝቡ አልተቀበለውም» ብሎ ታሪፉን ለከርሞ አሻገረው። መሠረት ዓይኗ አብጦ «ምነው የነገረኝ ሰው በኖረ!» ስትለኝ፣ «ማን ያውቃል ብለሽ!» አልኳት። እቅፍ አድርጋኝ አለቀሰች። በሳምንቱ ቦኖ አጠገብ ሳልፍ፣ ጄሪካን ደርድረው ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች ጠሩኝ። «አንቺ ልጅ፣ የእኛ ውሃ ይቀንሳል ሲባል አልነበር? የት ደረሰ?»

«ሕዝቡ እምቢ አለ» ብያቸው አለፍኩ። ዓመቱን ሙሉ በድሮው ዋጋ ቀዱ።

በዓመቱ መድረኩ ለእኔ ተሰጠኝ። «ደረጃ» አልኩ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ታሪፉም ጸደቀ። መሠረት ግን ያኔ ዝውውር ጠይቃ ሄዳ ነበር።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ ያ ቅናት ለቀቀኝ ብል ውሸቴን ነው። መሠረትን አሁንም እቀናባታለሁ። እሷ የተሳሳተችው ሳታውቅ ነው።