ቀይዋና ነጯ በሆሞሻ መንገድ

ንጋት፣ አሶሳ

ጎህ ሲቀድ ሁለት መኪኖች አስነሳን። አንዷ የኔ ነጭ ቪትዝ ናት፤ ቁልፉን ሲያዞሩት ትነሳለች፣ ከዚህ ሌላ ስለ እሷ የሚወራ የለም። ሁለተኛዋ የሐጂ ሙሳ ቀይ የስፖርት መኪና ናት፤ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ታጣፊ፣ መሪዋ የእንጨት። ሐጂ በወጣትነታቸው ካርቱም ላይ ገዝተው በድንበር ከተማዋ በኩርሙክ በኩል እየነዱ ያመጧት ናት። እሷ እስክትነሳ ሰፈሩ በሙሉ ነቃ።

የምንሄደው ለልጃቸው ለአደም ሙሽራ ልናመጣ ነው። አደም የሥራ ባልደረባዬ ነው። አባቱ ይህችን መኪና አንድም ቀን አስነድተውት አያውቁም፤ እሱም ትሸጥና ደህና የቤት መኪና እንግዛ እያለ ነጋ ጠባ ይነዘንዛቸዋል። ከአዲስ አበባ ገዢ እንኳ አግኝቷል። በመጨረሻ ተስማሙ፦ ሆሞሻ ደርሳ እስክትመለስ መንገድ ላይ ከቆመች ትሸጣለች፤ ካልቆመች ወሬው ሁለተኛ አይነሳም። አደም እኔ ጋ ገባና አየር ማቀዝቀዣውን ከፈተ።

ኬላው ጋ

ፖሊሱ የኔን መንጃ ፈቃድ አገላብጦ አየ። ቀይዋን ግን ምንም ሳይጠይቅ ዙሪያዋን እየዞረ ሲያያት ቆየና አጠገቧ ፎቶ ተነሳ። የማንጎ ሻጮቹም የሮጡት ወደ እሷ ነው። ቀናሁ፣ አልዋሽም።

ወንዙ ጋ

ድልድዩ ጥገና ላይ ስለሆነ ወደ ወንዙ ወረድን። ቪትዟ ውሃውን ተሻገረች። የቀይዋ ሆድ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

አደም ወርዶ "ቆመች" አለ፤ ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

"አልቆመም" አሉ ሐጂ ከመሪው ሳይነሱ። "ሞተር ይሰራል። ስማ።"

እውነትም ትንደቀደቃለች። ወደ ገበያ የሚሄዱ ገበሬዎች ሸክማቸውን አውርደው፣ ሐጂን ከነመኪናቸው ብድግ አድርገው ማዶ አስቀመጧቸው። በሳቅ ፈረስኩ።

ረፋድ፣ ሆሞሻ

ዙምባራ የሚሉት ረጅሙ የቅል መለከት ከሩቅ ይሰማል። ግቢው በሰው ተሞልቷል። የሙሽራዋ አክስት ወጡና ቀይዋን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሽራ ያለ አክስቷ አትሄድም፣ ወንበሩ ደግሞ ሁለት ነው። እንግዲያው በነጯ ትሂድ ተባለ። የሐጂ ፊት ሲጠቁር ሳይ አንጀቴን በሉት።

ሙሽራዋ ዘይነብ ግን ማንንም ሳትጠብቅ የቀይዋን በር ከፍታ ገባች። አክስቴ በነጯ ከኋላ ይከተሉን አለች፤ ከዚያ ወደ አደም ዞረች።

"አንተ ንዳ።"

ሐጂ ቁልፉን መዳፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት። ከዚያ ለልጃቸው ሰጡት።

አደም ገና ከመነሳቱ ሞተሩን አጠፋው። ደግሞ አስነሳ፣ ደግሞ አጠፋው። ግቢው ሁሉ ሳቀ። እንግዲህ ቆመች ማለት ነው ብዬ ሐጂን ብነካካቸው አልተናደዱም።

"መኪና አይደለም የቆመው" አሉኝ። "ሹፌር ነው።"

ቀትር፣ አሶሳ

ስንመለስ ሐጂ አጠገቤ ተቀምጠው፣ አደም ማርሽ በቀየረ ቁጥር በግራ እግራቸው የቪትዟን ወለል ይረግጡ ነበር። ወንዙ ላይ ከሆሞሻ የተከተለን አጃቢ ሙሽሮቹን ከነመኪናቸው ተሸክሞ እየዘፈነ አሻገራቸው። ከተማ ስንገባ ሰው ለሠርጉ የሐጂ በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። አደም ግን በሩን አልፎ ሄደ። ዞሮ መጣና ጥሩምባ እየነፋ ደግሞ አለፈ። ዘይነብ ትስቃለች።

እኔና ሐጂ በሩ ላይ ቆመን ስንጠብቅ የሐጂ ስልክ ጮኸ። ገዢው ነው፤ አደም አላነሳለት ብሎ ነው። ሐጂ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ፣ ለሦስተኛ ጊዜ የምታልፈውን ቀይ መኪና በዓይናቸው ሸኟት።

"ባለቤቱ እየነዳ ነው" አሉት። "አሁን ስልክ አያነሳም።"