የጠፋው ስክሪንና የካርቶን ኪቦርዴ

በሰቆጣ ከተማ ሬዲዮ፣ የእጅ ሰዓትና የልብስ ስፌት መኪና የምጠግን፣ ሙያዬን ሁሉ ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ። ኮምፒውተርንም የተማርኩት ኮምፒውተር ሳይኖረኝ ነው። የተጣለ መጽሐፍ አግኝቼ ኪቦርዱን ካርቶን ላይ ሣልኩት። በልጅነቴ ዳዊትን በቃሌ እንደያዝኩ፣ ትእዛዞቹንም ሁለት ዓመት ሙሉ በጣቴ ደገምኳቸው። ሚስቴ እንግዳ ሲመጣ ካርቶኑን አልጋ ሥር ትደብቅብኝ ነበር።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በ1996 ዓ.ም. ጥር ወር የሆነውን ስትሰሙ ዕድል ነው እንዳትሉ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንዲት ኮምፒውተር ነበረችው። የምትጽፍባት ዝናሽ የምትባል ጸሐፊ ናት። ስክሪኑ ፈዘዘብኝ ስትለኝ፣ አብሮ ከመጣው ሲዲ ማሳያውን የሚያሠራ፣ ድራይቨር የሚሉትን አዲስ ፕሮግራም ጫንኩላት። ቀለሙ እንደ አዲስ ጥለት ፈካ። ምርቃቷን ተቀብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ሃያ ሦስት የግል ተፈታኞች ለፈተና ሊመዘገቡ ከአበርገሌ በእግራቸው መጡ። ቅጽ አልቆ ስለነበር ዝናሽ ስማቸውን ከአፋቸው እየሰማች በቀጥታ ጻፈች። እነሱም መንገዱ ሩቅ ነውና ወዲያው ተመለሱ። የመጨረሻዋን ልጅ ሸኝታ የአያቷን ስም እየጨረሰች ሳለ ስክሪኑ ድርግም አለ። የጻፈችውን ገና ሴቭ አላደረገችም። ዝርዝሩን የሚወስደው መኪና ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይነሳል። ካመለጠ ልጆቹ ዓመት ሊጠብቁ ነው።

ተጠርቼ ስደርስ ርእሰ መምህሩ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አድርጓል።

«እጅህን አንሳ፤ ካጠፋሃት ስሞቹም አብረው ይጠፋሉ» አልኩት። የልጄ እኩያ ነው።

ካፕስ ሎክን ነካሁ። ኪቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በራች። ደግሜ ስነካው ጠፋች። ስለዚህ ኮምፒውተሯ አልሞተችም፤ የታወረው ዓይኗ ብቻ ነው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና፣ ካርቶኔ በሐሳቤ እንዲመጣልኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጋሽ ኪሮስ፣ ጨፍነው ነው እንዴ የሚሠሩት?» አለች ዝናሽ እንባዋን እየጠረገች።

«እሷስ ጨፍና የለም?»

ለማስቀመጥ ኮንትሮልና ኤስ፣ ስም እንደምትጠይቅ አውቃለሁና ኢንተር ተጫንኩ። ከሆዷ ውስጥ ክርክር የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አስቀመጠችው ማለት ነው። ቀጥዬ ለማተም ኮንትሮልና ፒ፣ ከዚያ ኢንተር። ማተሚያው ዝም አለ። ርእሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ።

ድንገት ማተሚያው አጓራና ወረቀት መትፋት ጀመረ። ዝናሽ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ዘበኛው ሳይቀር ገብቶ አጨበጨበ። የመጨረሻዋ ልጅ የአያት ስም ግማሹ ቀርቶ ነበር፤ ዝናሽ ታስታውሰው ስለነበር በእስክሪብቶ ሞላችው።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሯን አጥፍቼ አስነሳሁ። ገና ስትነሳ ኤፍ ስምንትን ተጭኜ ሴፍ ሞድ በሚሉት፣ ያለ ድራይቨሩ በምትነሳበት በኩል ገባሁና ትናንት የጫንኩትን ድራይቨር ነቀልኩት። ጥፋተኛው እሱ ነበር። ለተሰበሰበው ሰው ግን የመብራት ነገር ነው አልኩ።

ዛሬ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ቀን ሳስብ ግን ልቤ እንደ ጥጃ ይዘላል። የሠራሁትን ልቁጠር፦

ያላየሁትን ጽሑፍ አትሜአለሁ።

ራሴ ያሳወርኳትን ኮምፒውተር ራሴ አብርቻለሁ። ዝናሽ ይህን የምታውቀው አሁን ስታነበው ነው፤ ይቅር በይኝ።

ሾፌሩ ሞተር ካስነሳ በኋላ ወረቀቱን በመስኮት አቀብያለሁ።

ሃያ ሦስቱም ተፈትነዋል። ስሟ በእስክሪብቶ የተሞላው ልጅ ነርስ ሆና ዛሬ ደም ግፊቴን የምትለካው እሷ ናት።

ካርቶኑንም ሚስቴ በገዛ እጇ ከአልጋ ሥር አውጥታ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።