ደግማ አልጠየቀችውም

ባለፈው ሳምንት የልጄ ትምህርት ቤት ጠርቶኝ፣ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ ከተደረደሩት ተገጣጣሚ ክፍሎች ወደ አንዱ ስገባ፣ የረጠበ ምንጣፍ ሽታ ከማሞቂያው ከሚወጣው የአቧራ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ተቀበለኝና እግሬ ደፉ ላይ ቀረ። ከአገር ቤት መጥተን በኖርንበት በፋልከንሪጅ ሰፈር የተማርኩበት ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነበር የሚሸተው፤ ቦት ጫማችንን አውልቀን በሩ ሥር ስንቆልለው በረዶው እየቀለጠ ምንጣፉ ውስጥ ይሰርግና ክረምቱን ሙሉ ሳይደርቅ ይከርም ነበር። ክፍሎቹን «ፖርተብል» ይሏቸዋል፣ ጊዜያዊ ናቸው ለማለት ነው። እኛ ከመምጣታችን በፊት ጊዜያዊ ነበሩ፣ እኛ ስንማርባቸውም ጊዜያዊ ነበሩ፣ ዛሬም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እዚያው ቆመው ጊዜያዊ እንደሆኑ አያቸዋለሁ።

ቤታችን አውሮፕላኖቹ ለማረፍ ዝቅ ብለው በሚያልፉበት መስመር ሥር ነበር። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሰማዩ ይጠራና የአውሮፕላኖቹ ሆድ ከጓሯችን ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፤ ድምፁ ሲያይል እማዬ ወሬዋን ገታ አድርጋ፣ እስኪያልፍ ጠብቃ፣ ካቆመችበት ቃል ትቀጥል ነበር። እሷ ሆስፒታል ታጸዳለች፣ አባዬ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፣ እኔ ደግሞ አንገቴን ቀና አድርጌ እያየሁ እነዚያን ነገሮች የሚነድፍ ሰው እሆናለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። አባዬ ነገሩን ከእኔ ቀድሞ አምኖት፣ ከቅዳሴ በኋላ ላገኘው ሰው ሁሉ «ልጄ ኢንጂነር ናት» ይል ነበር፣ «ትሆናለች» እንኳ አይልም።

አባዬ አንድ አመል ነበረው። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ እንቢ ማለት ነበረበት። ከሥራ በቀጥታ መጥቶ፣ ሆዱ ሲጮህ አጠገቡ ተቀምጬ እየሰማሁት፣ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይል ነበር። የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ትላለች፣ እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እውነቴን ነው» ይላል፣ እሷ «አፈር ስሆን» ብላ ሳህኑን ታስይዘዋለች፣ እሱም እንደተሸነፈ ሰው ተንፍሶ ጥርግ አድርጎ ይበላል። እንዲህ ነው ያደገው፤ የሰውን ደግነት የሚለካው ደጋግሞ በመለመኑ ነበር። ሥራ ቦታው ግን ዶናት ሲዞር አንዴ «ኖ፣ ታንክ ዩ» ካለ ሳጥኑ እልፍ ይላል፣ እሱም ቤት ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «አንዴ ብቻ ጠይቀውኝ ሄዱ እኮ» እያለ ሲነጫነጭ እማዬ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅበት ነበር። እኔም አብሬያት እስቅ ነበር፣ አመሉ ምን እንደሚያስከፍለን ገና ስላላወቅን።

የመጀመሪያው በረዶ እንደጣለ ጥቂታችንን ለሒሳብ ውድድር በአውቶብስ ወደ ከተማዋ ምዕራብ ወሰዱን። የሄድንበት ትምህርት ቤት እንደኛው የመንግሥት ነበር፣ እንደኛው በነፃ የሚማሩበት፣ ግን ሲገባ የሚሸተው አዲስ ቀለምና የተሰነጠቀ እንጨት ነበር። የብረትና የእንጨት ወርክሾፕ ነበረው፣ በገመድ የሚወጣበት ግድግዳ ነበረው፣ ለሙዚቃ ብቻ የተለየ ክፍልም ነበረው። አንዷን ልጅ ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብላት፣ ማንም እንደሚያውቀው ነገር «ወላጆቻችን ካዚኖ ይሠራሉ» አለችኝ። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፤ የወላጆች ማኅበር ተራው ሲደርስ ካዚኖ ገብቶ ያለ ደሞዝ ያገለግልና ከቁማሩ ገቢ ለትምህርት ቤቱ ድርሻ ያገኛል። በእኛ ሰፈር ጥያቄው ሲመጣ ኦርቶዶክሱ ኃጢአት ነው አለ፣ ጴንጤው ኃጢአት ነው አለ፣ ሙስሊሙ ሐራም ነው አለ፣ የተረፈው ደግሞ ሺፍት ላይ ነበር። ዕድሜ ለካዚኖ፣ ሁላቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ።

የልጆቹን ትምህርት ለቁማር ቤት ትርፍ የሚተው ከተማ ዓይኑን በጨው አጥቦ ኮሪደራችን ላይ «እያንዳንዱ ልጅ እኩል ነው» የሚል ፖስተር ይሰቅል ነበር። እኩልነቱ ይኸውላችሁ፤ እኛ ጋ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ላይኛው ሒሳብ የሚሰጠው በአንድ ክፍል ብቻ ነበር፣ ሌላ ክፍል ለመጨመር አስተማሪ መቅጠሪያ የለም ይሉ ነበር፤ ታችኛው ሒሳብ ግን ለፈለገም ላልፈለገም የተትረፈረፈ ነበር። በበሩ መስታወት አሻግሬ ሳይ፣ በታችኛው ክፍል የሐበሻ፣ የሱዳንና የሶማሌ ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጣል፣ በላይኛው ክፍል ግን የኛ መልክ ያለው ሰው ፈልጎ ማግኘት ሥራ ነበር። በዚያ ዓመት ላይኛው ክፍል ከነበሩት ጥቂት ጥቁሮች አንዷ እኔ ነበርኩ።

ከገና በኋላ የትምህርት አማካሪዋ አባዬን አስጠራችው። አባዬ ሺፍቱን ለውጦ፣ ለሰርግ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እማዬ በንጹሕ ጨርቅ የጠቀለለችለትን ድፎ ዳቦ ይዞ መጣ፣ መምህር ፊት ባዶ እጅ መቅረብ ነውር ነውና። አማካሪዋ ዳቦውን በሁለት ጣቷ ተቀብላ ራዲያተሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ይህች ሴት ትዕግሥት የሚለውን ስሜን አንድም ቀን ለመጥራት ሳትሞክር «ቲ» እያለች የምትጠራኝ፣ ከጀርባዋ «ህልምህን ተከተል» የሚል ሥዕል የሰቀለች ሰው ነበረች።

«ውጤቷ ደህና ነው፣ ግን ላይኛው ሒሳብ እየቆየ ይከብዳታል» አለች። «ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ ለሚናገር ልጅ ታችኛው የበለጠ ኮምፈርተብል ነው። እርግጥ እርስዎ ከፈለጉ ባለችበት ትቆያለች፣ ውሳኔው የወላጅ ነው። ምን ይላሉ?»

የሒሳቡ ኤክስ አማርኛ የሚነገርበት ቤት ሲገባ ኤክስነቱን የሚተው ይመስላታል። የሚመቸኝንም ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ አንዲት ጥቁር ልጅ ምን እንደምትችል ሳይሆን ምን እንደሚመቻት የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ሲያጋጥሙኝ እስከዛሬ ጥርሴን እነክሳለሁ። አባዬ ግን ከዚህ ሁሉ የሰማው አንድ ነገር ነበር፤ «ከፈለጉ» ብላዋለች፣ ጋብዛዋለች። ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ። እጁን ደረቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው «አይ፣ አይ፣ እርስዎ ያውቃሉ፣ እኛ ምን እናውቃለን» አላትና ጠበቀ።

ያንን ፊቱን አውቀው ነበር። ሰው ቤት ሳህኑ ፊቱ ቆሞ «በሞቴ» እስኪባል የሚጠብቅበት ፊት ነበር። እሷ «ኧረ እንዴት፣ ጎበዝ ልጅ ናት እኮ፣ እርስዎ አባቷ ነዎት» ትለዋለች፣ እሱም «እንግዲህ እርስዎ ካሉ ትቆይ» ይላል፣ ተጨባብጠው ይለያያሉ፤ በእሱ ቤት ነገሩ አልቋል። እሷ ግን «ፐርፌክት» አለችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ሁለቴ ጫን ጫን አድርጋ ጨረሰች። አፌን ስከፍት አባዬ በዓይኑ ገሠጸኝ፣ ትልልቅ ሰዎች እየተነጋገሩ ነበርና።

መኪና ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ወደ እኔ ዞረ። «ምነው ደግማ ሳትጠይቀኝ?» አለኝ። ያለ ላይኛው ሒሳብ ኢንጂነሪንግ እንደማይገባ ስነግረው፣ ከመኪናው ወርዶ የፊት መስታወቱን በረዶ መፋቅ ጀመረ። እማዬ ስትሰማ እንደ ዶናቱ ጊዜ አልሳቀችም፤ «ነገውኑ ሂድና ላይኛው ትቆይ ብለህ ንገራት። ቀጥ ብለህ፣ ሳታጎነብስ» አለችው። ሄደ፣ ሳያጎነብስ ነገራት፣ እሷም ያንኑ ፈገግታዋን ፈገግ ብላ «ቦታዋ ተይዟል፣ ያለን አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ» አለችው። ርዕሰ መምህሩም ዘንድ ገባ፣ ያም ስለ በጀት አወራለት። ወንበሯን ያጣችው ልጅ የምዕራቡ ትምህርት ቤት ተማሪ ብትሆን ኖሮ በጎን ባለው ክፍል ሌላ ወንበር ይጠብቃት ነበር።

በረዶው ቀልጦ ጭቃው ሲወጣ እኔ ታችኛው ክፍል ተቀምጬ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቅናሽ ዋጋ ሒሳብ እየሠራሁ፣ በመስኮቱ አውሮፕላን እቆጥር ነበር። አስተማሪው ጋዜጣ ያነብ ነበር፣ ማንም ምንም ስለማይጠብቅብን እኛም ምንም አናስቸግረውም ነበር። በጋው ሲገባ ከሁሉ የከፋኝ ግን ሌላ ነበር። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽማግሌ «ኢንጂነሯ እንዴት ናት?» ብለው ሲጠይቁት አባዬ «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ወሬ ለወጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። አማካሪዋን የጠላኋት ለሒሳቡ አይደለም፣ ለዚያች ቃል ነው።

ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። መጋዘን እየሠራሁ ላይኛውን ሒሳብ በራሴ ወጪ ተማርኩ፣ አለፍኩም፣ «ይከብዳታል» የተባለው ነገር ሳየው ያን ያህል አልነበረም። እስከዚያ ግን ትዳርም ልጅም ደርሰው ነበርና በአጭር ኮርስ የኢንጂነሮችን ንድፍ የምሥል ነዳፊ ሆኜ ቀረሁ። ዛሬ እኔ የምነድፈው ላይ ኢንጂነር የሆነ ሌላ ሰው ይፈርምበታል፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ በገመድ ግድግዳ የሚወጡበት የዚያ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው፣ ስህተቱን የማርምለት እኔ ነኝ፣ ምስጋናውን ግን ደጋግሞ አያቀርብም።

እና ባለፈው ሳምንት፣ የልጄ ትምህርት ቤት ባለበት በታራዴል ሰፈር፣ ያው የረጠበ ምንጣፍ። ልጄ ሶልያና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ የእንስሳት ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፣ ጡረታ የወጣው አባዬ ሹፌሯ ስለሆነ እሱም አብሮን ገባ። የሒሳቡን ስም ለውጠውታል፣ ላይኛው አሁን «ዳሽ ዋን» ታችኛው «ዳሽ ቱ» ነው የሚባለው፣ በስም ለውጥ የሚያህላቸው የለም። አማካሪዋ ወጣት ናት፣ ጠረጴዛዋ ላይ የዶናት ሳጥን አለ፣ ለአባዬ ስትዘረጋለት «ቁርስ በልቼ ነው የመጣሁት» አላት፣ ሳጥኑንም ዘጋችው። ከዚያ የሶልያናን ውጤት አመሰገነችና፣ እኔ ከመግባቴ በፊት ልነግራችሁ የምችለውን ዓረፍተ ነገር ጀመረች፤ ዳሽ ቱ ላይ የበለጠ ኮምፈርተብል ትሆናለች፣ እርግጥ ውሳኔው የእናንተ ነው።

«ማም፣ አይ ሚን፣ ዳሽ ዋን ነው የምፈልገው» አለች ሶልያና በጆሮዬ። አፌን ልከፍት ስል አባዬ ቀደመኝ። እጁ ደረቱ ላይ አልነበረም፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ኖ» አላት።

አማካሪዋ ደነገጠች፣ ፈገግ አለች፣ ወረቀቷን አስተካከለች። «እርግጠኛ ነዎት? እስቲ ቤት ሄዳችሁ ትንሽ አስቡበት?»

አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። ያንን ሁሉ ዓመት ሲጠብቃት የኖረው ሁለተኛዋ ጥያቄ ነበረች፤ በመጨረሻ መጣችለት፣ እሱም አውቋታል። «ኖ» አላት ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ዳሽ ዋን ብላ እስክትጽፈው ድረስም ከወንበሩ አልተነሳም።

መኪና ውስጥ ሶልያና ከኋላ ስልኳን ስትነካካ፣ አባዬ ሞተሩን አስነስቶ፣ «ዶናቱን ግን አንዴ ብቻ ነው የጠየቀችኝ» አለ። ሳቅሁ። ያኔ የሚፈልጉትን ስንሰጣቸው አንዴ ጠይቀው አበቁ፣ ዛሬ እንቢ ስንላቸው ደግመው ጠየቁ፤ በሁለቱ መሀል የተለወጠ ነገር ቢኖር እኛ ነን፣ ምንጣፉማ ዛሬም አልደረቀም። ሱቅ ጋ ስንደርስ አቁም አልኩትና ዶናት ገዝቼ ሳጥኑን ዘረጋሁለት። «በልቻለሁ» አለኝ። «በሞቴ» አልኩት።