በሐምሌ የጠፋው ምንጭ

በዚያ ጠዋት ምንጩ ዳር የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። መምህራችን፣ በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው ስልኳን ይዛ። ከደጀን የመጣችው ልጅ፣ አባቷ እዚያ መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው፣ እንደ እኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ። የውሃ አባቱ፣ የመስኖውን ተራ ለገበሬው የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ። ጎረቤታቸው፣ ባዶ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ የመጣችው ሴት። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ የምንጩ ውሃ የሚወርድበትን ቱቦ ደግፌ ቁጢጥ ብያለሁ።

ቦታው ከአምበር ከተማ በላይ ያለው ዳገት ነው። የክረምት እረፍታችንን የሰጠነው የደጋ ምንጮች በድርቅ ጊዜ ምን ያህል ውሃ እንደሚሰጡ ለማጥናት ነበር። ሐምሌ ገብቷል፣ ዝናብ ግን የለም። በሐምሌ ድንች በቦይ ሲጠጣ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እሱ ብቻውን አስደንግጦኝ ነበር፤ ዋናው ግን ገና ነበር።

አለካካችን ቀላል ነው። ውሃው በቱቦ ወደ ባልዲ ይወርዳል፣ ባልዲው እስኪሞላ ሰከንድ ይያዛል። ከቱቦው ጎን ግን ጥቂት ውሃ ያመልጥ ነበር።

«አባቴ፣ ይቺ የምታመልጠዋ ካልገባች ልኬቱ ልክ አይመጣም» አለች መምህራችን።

የውሃ አባቱ ሳቁ። «እንግዲያማ ዓይኑን እጠርግላችኋለሁ!»

ጎረቤታቸው ጀሪካኗን አወረደች። «በሐምሌ? አባባ፣ የምንጭ ዓይን የሚጠረገው በመስከረም አይደል እንዴ?»

«እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም?»

«ባልዲ ይዞ የሚመጣ እንግዳ አላየሁም። ብቻ ዛሬ ተራው የኔ ነው፤ ድንቼ አንገቱን ደፍቷል።»

«ተራሽን ማን ነካብሽ! እንዲበዛልሽ ብዬ እኮ ነው።»

በመስከረም መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ድንጋዩን ያነሳል፣ ደለሉን ይጠርጋል። ያኔ ምድር ጠግባ ውሃው ከሥር ወደ ላይ ይገፋል። በዚያ ሐምሌ ግን ከሥር የሚገፋ ነገር አልነበረም። ይህን እሳቸውም እኛም አላሰብነውም።

ዶማቸውን አንስተው ደለሉን ጠረጉ፤ ከቱቦው ሥር የነበረችውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ነቀሉ። ሥሯ ሰማያዊ መሳይ፣ የሚያጣብቅ ጭቃ ነበር። ቆፈር ሲያደርጉት ቱቦው ደፍረስ ያለ ውሃ ገፍቶ አወጣ። የደጀኗ ልጅ አጨበጨበች። ወዲያው፣ ለካ ውሃውን ይዞት በነበረው ጭቃ ውስጥ፣ ጡጫ የሚያክል ቀዳዳ ተከፈተ፤ ውሃው እየተሽከረከረ ወደ ታች ገባ። ቱቦው ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ቆመ።

ምንጩ ድምፅ እንደነበረው ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ኧረ ጉዴ!» አለች ጎረቤታቸው።

የውሃ አባቱ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው ቀዳዳው ውስጥ ወተፉት። «ጭቃ! ጭቃ አቀብሉኝ!» አምስታችንም በእጃችን እየዛቅን ደፋን። የመምህራችን ስልክ ሣሩ ላይ ወድቆ ሰከንድ ይቆጥር ነበር። ጋቢው ረጠበ፣ ከበደ፣ ከዚያ ጫፉ ብቻ ቀርቶ ወደ ውስጥ ተሳበ። ቱቦው ደረቅ ነበር።

ውሃውን ያገኘነው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከማሳዎቹ ሁሉ በታች፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ሣሩን አርሶ። ከዚያ ወደ ድንቹ የሚወጣበት መንገድ የለውም።

«አባቴ፣ እኔ ነኝ ያስደረግኩዎት» አለች መምህራችን። ፊቷ አመድ መስሏል።

እሳቸው ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «ተራሽ እንዳለ ነው» አሏት።

እሷ ጀሪካኗን አዝላ ወደ ባሕር ዛፎቹ ወረደች።

እስከዚህ ያየሁትን ጽፌያለሁ። አራታችሁ ግን ከእኔ የተሻለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ነበር፤ የጎደለውን ሙሉልኝ። ጋቢው በመጨረሻ ወጣ ወይስ እዚያው ቀረ? ስልኩንስ ከሣሩ ላይ ማን አንስቶ አስቆመው? ከሁሉም በላይ፣ ጭቃው ከመቆፈሩ በፊት፣ ድንጋይዋ ስትነሳ የምንጩ ድምፅ ቀንሶ ነበር? ቀንሶ ከሆነ ያኔ ማቆም እንችል ነበር። የሰማ ካለ ይንገረኝ።