ጭረቷ

የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ግብር ሰብሳቢው ብቻ ናቸው። ያገለገሉ የድምፅ ማጉያዎች፣ አምፕሊፋየርና ፕሪአምፕ፣ እየጠገነ ይሸጣል፤ ውድ ዕቃ አይነካም። «ውዱንማ ማንም ይመርጣል፤ ዋናው ከርካሹ መሃል የማያሳፍረውን መለየት ነው» ባይ ነው።

መጀመሪያ የመጣለትን ዕቃ በሁለት እጁ ያነሳዋል፤ ቀለል ካለው ፋብሪካዎቹ ትራንስፎርመሩ ላይ ቆጥበዋል ማለት ነውና ፊቱን ያጨማድዳል። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያሠራውና ክዳኑን በመዳፉ ይዳብሳል። ለብ ካለ ደግ፤ ካቃጠለ ዕድሜ የለውም። የመጨረሻው ፈተና ግን የብቻው ነው። ምንም ዘፈን ሳይከፍት ድምፁን እስከ ጥግ ይጨምርና ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ይለጥፋል። «ዘፈንማ ስንቱን ጉድ ይሸፍናል!» ይላል። ሽሽሽ የሚል ነገር ካልሰማ ዕቃውን ገልብጦ ከሥሩ በጠመኔ አንዲት ጭረት ያሰምርበታል። ያቺ ጭረት ያለችበትን ዕቃ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይገዛል።

ዘንድሮ ጭረቷ በዝታለች። የመጣው ሁሉ ያልፋል። «የርካሽ ዕቃ ጥራት እኮ ተሻሻለ!» እያለ ለገባ ለወጣው ያወራል፤ ደስታው ሌላ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊዋ ባለፈው ሳምንት የገዛችውን አምፕሊፋየር ታቅፋ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ያፏጫል።»

«የስፌት መኪናሽ ይሆናላ።»

«መኪናዬን አጥፍቼ ነው የሰማሁት።»

ጆሮ ተቆጣ። ሰካውና ድምፁን እስከ ጥግ ጨምሮ ጆሮውን ለጠፈ። ጸጥ። «ይኸው፣ ንጹሕ ነው!» ብሎ ቀና ሲል ልብስ ሰፊዋ በአዘኔታ ታየዋለች። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አንተ፣ ያንን ነገር ቀንሰው በናትህ! ሽንኩርት በዘይት የሚጠበስ ነው የሚመስለው፤ ጓዳ ድረስ ይሰማል።»

ክው አለ። «እኔ አልሰማም እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ስልክህ እየጮኸ ዝም የምትለው ከመቼ ወዲህ ነው? ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«ነግሬህ ነበር፣ ያውም ሁለቴ። ጆሮ ዳባ ልበስ ያልከኝ መስሎኝ ተቀየምኩህ።»

አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ፈራ። ሰው ከእሱ የሚገዛው ቃሉን ነበር፤ ያ ቃል ደግሞ ዓመት ሙሉ ውሸት ሆኖ ከርሟል። «እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አላት ልብስ ሰፊዋን። «ዕቃው ያፏጫል፤ የማልሰማው እኔ ነኝ።» ከዚያ ከካርቶን ላይ ቁራጭ ቀደደና «ካለፈው ክረምት ወዲህ ከእኔ የገዛችሁ ዕቃውን አምጡልኝ፤ አልሰማሁትም» ብሎ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለው።

መደርደሪያው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ እየገለበጠ ጭረቱን ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። የመጀመሪያውን ሰክቶ ድምፁን ጨመረ። አሁን ስፒከሩ ላይ ጆሮዋን የደገፈችው ሚስቱ ናት፤ እሱ የሚያየው ፊቷን ነው። ፊቷ ተኮማተረ። ሁለተኛውም እንደዚያው ነው። በሦስተኛው ግን ፊቷ አልተለወጠም።

«ጸጥ ነው?» አላት።

«ጸጥ ነው!» አለች፣ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ዕቃውን ገለበጠላትና ጠመኔውን ሰጣት።