«አውቀዋለሁ፤ ስሙን ግን አልናገርም»

ጠዋት፣ ከድሬዳዋ

ከድሬዳዋ በሚኒባስ የተነሳሁት ኢክራም ዘንድ ለመሄድ ነው። ኢክራም የሐረር ልጅ ናት። ኦቲዝም እንዳለባት ራሷ በቪዲዮዋ ትናገራለች፤ የጁገልን ግንብ ድንጋይ በድንጋይ እያሳየች ታወራለች፤ ደስ ሲላት እጇን ታራግባለች። ባለፈው ሳምንት፣ ወንድ የሚወድ አንድ ወጣት የላከላትን ደብዳቤ ስሙን ሳትጠራ በገጿ ላይ አነበበችለት። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ከቪዲዮው እጇ የሚራገብበትን ብቻ ቆርጠው፣ ሙዚቃ ጨምረው «ሰይጣን ሰፍሮባታል» እያሉ ይቀባበሉታል። ደሜ ፈላ። እኔም የጉዞ ቪዲዮ ሠሪ ነኝና ከጎኗ ልቆም ሄድኩ።

የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች ያንኑ ቁራጭ እያዩ ይንከተከታሉ።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አልኳቸው።

«አቦ ተወን! እብድ እኮ ናት» አለኝ አንዱ።

እስከ ሐሮማያ አኩርፌ ተጓዝኩ።

ኤረር በር፣ ሐረር

ኢክራም የባጃጅ ጡሩምባ ስለሚያማት ጆሮዋን በማዳመጫ ሸፍና ጠበቀችኝ። ትኩስ ፈጢራ ገዝቼላት ነበር። «ማር ነክቶታል፤ አልበላም» አለች። ይሉኝታ የሚባል አታውቅም፤ ወደድኳት። በግንቡ ጥግ ወደ ቤቷ ስንሄድ፣ ልጁ ደብዳቤውን ለምን ለእሷ እንደላከ ጠየቅኳት።

«መጀመሪያ ለአንተ ነው የላከው። አልመለስክለትም።»

እርምጃዬን ፈጠን አደረግኩ።

ቤቷ ስንገባ አጎቷ ከፍ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚነግዱ ሰው ናቸው፤ በእሷ የተነሳ ደንበኛ ሸሽቷቸዋል።

«ስሙን ተናገሪ። ካልሆነም ወላሂ አላውቀውም በይና ይብቃ» አሏት።

«ወላሂ አውቀዋለሁ። ስሙን ግን አልናገርም።»

እናቷ ማልቀስ ጀመሩ። «ልጄ፣ አላውቀውም ማለት ምን ይከብድሻል?»

እኔም ጀግናው «በቃ እንደዚያ በያቸው» አልኳት።

«እንድዋሽ ነው የመጣኸው?» አለችኝ።

«እንግዲያው ስልኩን አምጪ፤ እኔው አገኘዋለሁ» አሉ አጎቷ።

ስሙ ቢገኝ ያ ልጅ ከሥራው፣ ከቤቱ፣ ምናልባትም ከሕይወቱ እንደሚነቀል እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ኢክራም ስልኩን አወጣች። መልእክቶቹን አጠፋች። ቀጥላ ገጿን ከነቪዲዮዎቹ ደመሰሰችና ባዶውን ስልክ ፊታቸው አኖረችው። የአራት ዓመት ሥራ ነው!

«አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልን» አሉ አጎትየው።

እጇን ስላራገበች ሰይጣን ያደረባት እሷ ናት። ሰው አሳልፋ እንድትሰጥ የሚያስጨንቋት ግን ጨዋዎች! ከበሩ ስወጣ ሰላምታ እንኳ ነፈግኳቸው።

አመሻሽ፣ ቤቴ

በመንገዱ ሁሉ ጎረምሶቹንም አጎትየውንም ስረግም መጣሁ። ቤቴ ገብቼ መልእክቶቼን ስከፍት ደብዳቤው እዚያው አለ። አንብቤው ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ያለፍኩት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ «አንተን ሰው ያከብርሃል፤ አንተ ብታነብልኝ ይሰማሉ» ይላል። እኔ ዝም ባልል ኖሮ የኢክራም ገጽ ዛሬም ይኖር ነበር። ሐረር ደርሼ የተማርኩት ይህንን ነው፤ አፍሬበታለሁ።

ካሜራዬን ወደ ፊቴ አዙሬ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስጨርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቪዲዮውን ስለቀው ያንን ቦታ አልቆረጥኩትም።