ጎማ ነው፣ ቁሚ

ልጄ በአንድ ዓመት ከስምንት ወሯ መተኛት ተማረች። እንቅልፍ ማለቴ አይደለም፤ እንቅልፍማ ዛሬም አልተማረችም። በደረት መተኛት ማለቴ ነው። «ተኚ!» ስትባል እጇ ላይ ያለውን ጥላ መሬት ላይ ልጥፍ ትላለች፣ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ትሸፍናለች፣ «ተነሺ» እስክትባል ድረስ ትንፍሽ አትልም። ሰፈሩ ሁሉ አደነቃት። «ማሻ አላህ፣ እንዴት ያለች ብልህ ልጅ ናት!» ተባለ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያስተማርኳትንም እኔው መልሼ አስረስቻታለሁ። ለዚህ ደግሞ ማንም ቢቆጣኝ አልጸጸትም።

ጎሚስታ ነኝ። ከሸዋ ሮቢት መውጫ ላይ፣ ወደ ጀውሃ በሚወስደው አስፋልት ዳር የቆርቆሮ ዳስ፣ አንድ ኮምፕሬሰርና ሁለት ክሪክ አለኝ። በሩ ላይ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ የከባድ መኪና ጎማ ቆሟል፤ ሰው የሚያውቀኝ በእሱ ነው። ቤታችን ከዳሱ ጀርባ ስለሆነ ልጄ ያደገችው በጎማ መሃል ነው። ጎማ የሚነፋ ሰው ስለ ልጅ አስተዳደግ ምን ያውቃል የሚል ካለ ልጁን ይዞ ይምጣና እናወዳድር።

ጤና ጣቢያ ለክትባት ስንወስዳት ነርሷ ካርዱን ይዛ ትጠይቀን ነበር። «ትቀመጣለች? ትቆማለች? ቃል ታወጣለች?» ባለቤቴ «አዎ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች ትመልሳለች። እኔ ደግሞ በሆዴ የራሴን እቆጥራለሁ። ካርዱ ላይ «ትቀመጣለች» ብቻ ነው የሚጻፈው፤ የት እንደተቀመጠች ማን ይጠይቃል? ትራስ ደርድረንላት በየጎኑ እየተገለበጠች ስታስቸግረን፣ አጥቤ ያደረቅሁት የሚኒባስ ጎማ መሃል ፎጣ ጎዝጉዤ አስቀመጥኳት። ተደላድላ ክንዷን ጎማው ላይ ጣል አደረገችና መንገደኛውን ታይ ጀመር። ከዚያ በኋላ ትራስ አልፈለገችም።

የሄደችው በባጃጅ ጎማ ነው። ጎማውን ይዛ ቆመች፣ ጎማው ተንከባለለ፣ እሷም አለቅም ብላ ተከተለችው። አምስት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ተያይዘው ወደቁ። አላለቀሰችም፤ ጎማውን በጥፊ አለችው። የመጀመሪያ ቃሏም የዚያው ዘመድ ነው። እናቷ «እማ» ትላለች ብላ፣ እኔም በልቤ «አባ» ትላለች ብዬ ስንጠብቅ፣ አንድ ጠዋት ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ቆማ ወደ እኔ ጣቷን ቀስራ «ንፋ!» አለችኝ። ባለቤቴ ሁለት ቀን አኮረፈች።

የምትወዳቸውንም ነገሮች ከነደረጃቸው አውቃቸዋለሁ። አንደኛ ያው የባጃጅ ጎማ ነው። ሁለተኛ ሳፋዬ ነው። የተነደለ ከመነዳሪ ነፍቼ ውኃ የሞላው ሳፋ ውስጥ ስነክረው ከቀዳዳው አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ እኔ ገና ስፈልግ እሷ ቀድማኝ አይታ ትጠቁማለች። ሦስተኛ ማንጎ ነው፣ እሱም ጭማቂው እስከ ክርን የሚወርደው የእኛው የቆላ ማንጎ። አራተኛ አያቷ ሲለቅሙ ከሰፌዱ የምትሰርቀው ማሾ ነው። እኔ ስንተኛ እንደሆንኩ አልጠየቅኋትም፣ መልሱን ስለማውቀው።

አያቷ ያልኩት አማቴን ነው። አጣዬ የነበረው ቤታቸው ከነዕቃው ከተቃጠለ ወዲህ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ስለ እሳቱ አያወሩም። ይዘውት የመጡት አንድ ሐሳብ ግን አለ፤ ልጅ ከሁሉ በፊት መተኛት ይማር የሚል። በዚህ መንገድ ላይ ተኩስ የሚሰማበት ቀን መኖሩን ማንም አይክድም። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ እኛም አብረን እንዘጋለን፣ እንከፈታለን። አንድ ቀን ልጅቷን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «ስማኝ ልጄ፣ የሚመታው ቆሞ የቀረ ነው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉኝ። እኔ ያላየሁትን ያዩ ሰው ናቸው። 

ስለዚህ መተኛቱን ጨዋታ አደረግሁት። ማንጎ ልጬ በቁራጭ በቁራጭ ሳህን ላይ ደረደርኩ። «ተኚ!» እላታለሁ፣ ትተኛለች፣ አንድ ቁራጭ። «ተነሺ!» እላታለሁ፣ ትነሳለች፣ ሌላ ቁራጭ። በሦስት ቀን ቻለችው። አማቴ ደግሞ በእኔ ትምህርት ላይ የራሳቸውን ጨመሩበት፤ «ቷ! ሲል ተኚ» አሏት። በዚያው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ እውነተኛው ተኩስ ተሰማና ሁላችንም እቤት ውስጥ አብረናት ተኛን። ከሁላችንም ቀድማ የተኛችው እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ጎረቤት በመጣ ቁጥር «እስቲ አሳየን» ይለኛል፣ «ተኚ» እላታለሁ፣ ትተኛለች፣ ይሳቃል፣ ይመረቃል። እኔም እኮራለሁ። እንደዚያ ኩራት የማፍርበት ነገር የለኝም።

ያላሰብኩት የገዛ ሥራዬን ነው። ጎማ ቸርኬው ላይ ገብቶ ሲነፋ፣ ጠርዙ ቦታውን ሲይዝ ቷ! ብሎ ይጮኻል። ጥይት ነው የሚመስለው። ካልጮኸ ደግሞ አልገጠመም ማለት ነው። ልጄ ይህን ድምፅ እናቷ ሆድ ውስጥ ሆና ጀምሮ ሰምታዋለች፤ ቷ ሲል ታጨበጭብ ነበር። ተኩሱ በተሰማ በሳምንቱ የአይሱዙ ጎማ ስነፋ እንደ ልማዱ ቷ አለ። ጭብጨባ ጠበቅሁ። ዘወር ስል ሳፋው አጠገብ በደረቷ ተኝታ፣ ጭንቅላቷን ይዛ አየኋት። ማንም ተኚ አላላትም። ማንጎም አልነበረም።

«ተነሺ» አልኳት። ከሳፋው የፈሰሰው ውኃ አቧራውን አቡክቶት ጉንጯ ጭቃ ሆኗል። ተነሳች፤ ግን ወደ እኔ አልመጣችም፣ ወደ ቤት ሮጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳሱ ውስጥ መግባት ተወች። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትደበቃለች። «ንፋ» የምትለዋ ቃል ከአፏ ጠፋች። የባጃጁ ጎማ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ለበሰ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን ማልቀስ አላማረኝም፤ ተናደድኩ።

ተኳሹን ተናደድኩበት፤ ፊቱን አላውቀውም። ራሴን ተናደድኩበት፤ ፊቴን አውቀዋለሁ። ልጄ ስትቀመጥ፣ ስትሄድ፣ ስትናገር አንድ በአንድ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቆጠራ ውስጥ «በአንድ ዓመት ከስምንት ወሯ መፍራት ቻለች» የሚል እንዲገባ አልፈቅድም አልኩ። ጥርስ በራሱ ይበቅላል። ይህ ግን በራሱ አልበቀለም፤ የተከልነው እኛ ነን። ከተከልነው ደግሞ እንነቅለዋለን አልኩ።

ሦስት ቀን ያስተማርኩትን ለማስረሳት ሁለት ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ ሳፋውን ወደ ቤቱ ደጃፍ አወጣሁላት፤ አረፋውን ስታይ አላስቻላትም፣ መጣች። ቀጥሎ የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ ነፋሁ፤ እሱ አይጮኽም። ከዚያ ወደ ባጃጅ ጎማ አለፍን። ከቸርኬው አርቄ ከዳሱ ምሰሶ ኋላ አቆማታለሁ፣ ንፋሱን እለቅና ጎማው መንቋቋት ሲጀምር «አሁን ማን ሊጮህ ነው?» እላታለሁ። ጆሮዋን ትይዛለች። ቷ! ሲል ጉልበቷ ይታጠፋል። «ጎማ ነው፣ ቁሚ» እላታለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላህ ይወቀው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ «ቸኩያለሁ እኮ» እያለኝ፣ እኔ ለአንዲት ፍሬ ልጅ «ጎማ ነው፣ ቁሚ» ስል እውል ነበር። የቸኮለ ሌላ ጎሚስታ ይፈልግ።

አማቴ ተቆጡ። «ልጅቷን ልታስጨርሳት ነው?» አሉኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ብዬ ተረት ስተርትላቸው፣ «ተረትህን ለጎማህ!» አሉ። ከዚያ ጠየቁኝ። «እሺ፣ ጎማ ያልሆነ ዕለትስ?»

ጥያቄው ልክ ነበር። ባለቤቴን ዞር ብዬ አየኋት፤ እሷም መልሱን ከእኔ ትጠብቃለች። አማቴ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ምሳዬን እንኳ በባለቤቴ በኩል ነበር የሚልኩልኝ። እኔም ጥያቄያቸውን ይዤ ጎማ መንፋቴን ቀጠልኩ። አንድ ቀን የባጃጁ ጎማ መንቋቋት ሲጀምር ልጄ ከምሰሶው ኋላ ብቅ አለችና እኔን ቀድማ «ቷ!» አለች። ጎማውም ተከትሏት ቷ አለ። እሷ ያዘዘችው መሰላት መሰለኝ፤ ከት ብላ ሳቀች። በማግስቱ «ንፋ!» ተመለሰች።

ሙቀቱ አስፋልቱን ሊያቀልጠው በደረሰበት አንድ ቀትር፣ ጭነት የሞላ ሲኖትራክ ከአጣዬ በኩል መጥቶ በራችን ላይ ሲደርስ የኋላ ጎማው ፈነዳ። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። መፍቻውን ጥዬ በደረቴ ተኛሁ። እኔ! ሃያ ዓመት ጎማ ስነፋ የኖርኩ ጎሚስታ! አማቴ ከነሰፌዳቸው ተደፍተው ማሾው መሬት ላይ ተበተነ። ማዶ ያለው ምግብ ቤት ውስጥ ምሳ የሚበሉት ሁሉ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ባለምግብ ቤቷ «ማርያም! ማርያም!» ስትል ይሰማኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት እኛ ነን።

ቀና ስል ያየሁት ሁለት ሰማያዊ የላስቲክ ጫማዎች ነው። ልጄ ቆማለች። በአንድ እጇ ማንጎ ይዛለች፣ ጭማቂው በክርኗ ይንጠባጠባል። እኔን አየች፣ አያቷን አየች፣ ማዶ ጠረጴዛ ሥር ያሉትን ሰዎች አየች። ከዚያ ገና ላልገባው ሰው እንደሚያስረዳ ሰው፣ ቀስ ብላ፣ «አባ፣ ጎማ» አለችኝ። አለመነሳቴን ስታይ ደግሞ ቆጣ ብላ «ተነስ!» አለችኝ።

ተነሳሁ። ማዶ ያሉት ከየጠረጴዛው ሥር እየወጡ፣ አቧራቸውን እያራገፉ፣ መጀመሪያ እየተፋፈሩ፣ ኋላ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ባለምግብ ቤቷ መንገዱን ተሻግራ መጥታ ልጄን አንስታ ሳመቻት። እኔ አልሳቅሁም፤ ዓይኔ ውስጥ የገባውን ሁሉ አቧራ ነው እያልኩ ጠረግሁ።

ሰው ሲበተን አማቴ ማሾውን አንድ በአንድ እየለቀሙ ወደ ሰፌዱ መመለስ ጀመሩ። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ አብሬያቸው ለቀምኩ። ቀና ሳይሉ፣ «ጎማ ያልሆነ ዕለትስ?» አሉኝ። ያው ጥያቄ ነው፤ ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረበትም።

«ያን ዕለት እላይዋ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ» አልኳቸው። «መተኛት የእኔ ሥራ ነው፣ እማማ። እሷ ልጅ ናት። ትቁም።»

ብዙ ማሾ ለቀሙ። ሲጨርሱ ሰፌዱን አንዴ አንገዋለው ወደ እኔ ዞሩና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ ቀጭን ነህ፣ ብቻህን አትሸፍናትም» አሉኝ። «እኔም አለሁ።»

የሲኖትራኩ ሾፌር ትርፍ ጎማውን እያንከባለለ መጣ፤ እሱም ንፋስ አልነበረውም። ልጄ የማንጎውን ፍሬ ጥላ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ምሰሶዋ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«ንፋ!» አለችኝ።

ነፋሁ።